በሐዋ ጉድጓድ ላይ የለቀቅሁት ጭቃ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ዘልዬው ነው የተናዘዝኩት። ስለ ሌላ ሌላው ኃጢአቴ ሲጠይቁኝ መልሻለሁ፤ ስለዚህ ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አፌን አልከፈትኩም። ሚስቴም ሳታውቀው ሞተች። አሁን ለእናንተ እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ብዙም አያልፍምና አጻጻፌን ታገሡኝ።

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን፣ ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች የሚኖሩበት ግቢ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የድርጅቱ አይደለም። ግቢው ከመጋላ ሰፈር ከፍ ብሎ፣ አሸዋማው ወንዝ ዳር ላይ ነው። ከየቤቱ መታጠቢያና መጸዳጃ የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ በቱቦ እየመጣ እኔ ዘንድ ይደርሳል። እኔ የዚያ ውሃ ጠባቂ ነበርኩ።

ሥራው ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። ውሃው መጀመሪያ በብረት ወንፊት ያልፋል፤ ጨርቁን፣ አጥንቱን፣ የዶሮ ላባውን በረጅም መንጠቆ እየጎተትኩ አወጣለሁ። ከዚያ ጥልቁ ገንዳ ገብቶ ዝም ብሎ ይተኛል። ከባዱ ይሰምጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ የመሀሉ ወደ ሰፊው ገንዳ ይሻገራል። ሰፊው ገንዳ ጥልቀት የለውም፤ እዚያ የምትሠራው የድሬ ፀሐይ ናት። ሲበቃው በቦይ ወደ ፓፓያው እርሻ ይሄዳል። አለቃዬ ሽማግሌ ግሪክ ነበር፤ ከተማው ፈረንጁን ሁሉ እንደሚጠራው ሙሴ እንለዋለን። «ውሃ ጊዜ ነው የሚፈልግ፤ አንተ አትቸኩል፣ እሱ ራሱን ያጥባል» ይለኝ ነበር።

ሰው የሚገድለው ዝቃጩ ነው። ጥልቁ ገንዳ ሥር የተጠራቀመውን ጥቁር ጭቃ በባልዲ ማውጣት፣ ማስጣት፣ ሲደርቅ በጋሪ ማስነሣት። ሽታው ይለመዳል፤ ሙቀቱ ግን አይለመድም። ስለዚህ እኛ የገንዳ ሠራተኞች አንድ ዘዴ ነበረን። ከገንዳው ሥር ወደ ወንዙ የሚከፈት የብረት መዝጊያ አለ። የድሬ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጎርፉ የሚመጣው ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ደንገጎ ተራራ ላይ ሲዘንብ ነው። እናም ተራራው ሲጠቁር መዝጊያውን ቀድመን እንከፍታለን፤ ጭቃው አሸዋው ላይ ይዘረገፋል፤ ጎርፉ ደርሶ ጠራርጎት ይሄዳል። ሙሴ ይህን ከልክሎናል። ጎርፉን በዓይናችሁ ሳታዩ እንዳትከፍቱ ብሏል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሜ ከፍቻለሁ፤ ጎርፉም ሁልጊዜ መጥቶልኛል።

አንድ ቀን ግን ጎርፉ ቀረብኝ።

ተራራው ጠቆረ፣ እኔ ከፈትኩ፣ ገንዳው ባዶ ሆነ። ከባልዲው በመገላገሌ ደስ ብሎኝ ጥላ ሥር ቁጭ አልኩ። ዝናቡ ከተራራው ወዲያ ዘንቦ አለፈ። ጠዋት ስመለስ ጭቃው አሸዋው ላይ እንደ ሞተ ከብት ተጋድሟል። ያን ጊዜ ሙሴ ዘንድ ሄጄ «አጠፋሁ» ብል ምን ይመጣብኝ ነበር? ተቆጥቶ፣ ሰው አሰማርቶ ያስነሣው ነበር። እኔ ግን አካፋ አንሥቼ አሸዋ አለበስኩት። አስተካክዬ፣ ደልድዬ፣ ምንም እንዳልነበረ አድርጌ አለበስኩት። እንደተገለጠ ብተወው ያየው ሁሉ ይሸሸው ነበር። መክፈቴን ስንፍና በሉት። መሸፈኔንስ ምን ልበለው?

ከእኔ ዝቅ ብሎ ሐዋ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት የአሸዋ ጉድጓድ ነበራት። አሸዋውን በእጇ ትቆፍራለች፣ ከላይ በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ የሚወርደው ውሃ ከሥር ይመነጫል፣ በቅል እየቀዳች አህያዋ ላይ ጭና መጋላ ትሸጣለች። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ነው። በእኔ በኩል ስታልፍ ሳትለክፈኝ አትሄድም።

«አቦ ተሰማ፣ የግቢው ሰው ትናንት ምን በላ?»

«ምን አውቄ?»

«ወላሂ አንተ ካላወቅክ ማን ያውቃል!»

እሷ ትስቃለች፣ አህያዋ ቀድማት ትሄዳለች።

ጭቃውን ከሸፈንኩ ወዲህ ብዙም ሳይቆይ መጋላ ውስጥ ሰው በተቅማጥና በትውከት ይወድቅ ጀመር። የአንድ ልብስ ሰፊ ትንሽ ልጅ ሞተች። የታመሙት ቤቶች ሁሉ የሐዋ ደንበኞች ናቸው። ከከተማው የመጣ የጤና ሰው ሙሴን ጠየቀ፤ ሙሴ እኔን ጠየቀኝ። «መዝጊያውን አልነካሁም» አልኩት። አመነኝ። ሙሴ ሰው ያምን ነበር።

የመጋላ ሽማግሌዎች ወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሐዋን ጠሯት። ጉድጓድሽን በምን አቆሸሽው ቢሏት፣ «ተሰማን ጠይቁት፤ ከላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ያየኛል» አለች። ምስክሬ ብላ የጠራችው እኔን ነው። ሄድኩ። ልብስ ሰፊውም አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

አንዱ ሽማግሌ፣ «አንተ ሃይማኖትህ ሌላ ነው፣ ዘመዷም አይደለህም፤ አታዳላም። ያየኸውን ተናገር» አሉኝ።

ሐዋም፣ «ንገራቸው አቦ። ጉድጓዴን በእሾህ አጥሬ አይደለም እንዴ የምሄደው?» አለች። ምንም አልፈራችም። የምትፈራው ነገር አልነበራትም።

እኔ፣ «አህያዋን ስታጥብ አይቻለሁ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። አይቻለሁ። ግን ያጠበቻት ከጉድጓዱ እጅግ ዝቅ ብሎ፣ ጎርፍ አቁሮት በሄደው ኩሬ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ የሚመለስ ውሃ የለም። ከእኔ በላይ ይህን ማን ያውቃል? ሥራዬ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነበር።

ሐዋ አልጮኸችም። ዞር ብላ ብቻ፣ «የት?» አለችኝ። «የት አየኸኝ፣ ተሰማ?»

ልብስ ሰፊው ተነሥቶ ሄደ፤ ሌላው ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ፤ ጥያቄዋም እዚያው ሰጠመ። በዚያው ቀን ወጣቶቹ ጉድጓዷን በድንጋይ ሞሉት። ከዚያ ወዲያ ከሷ ውሃ የገዛ የለም። አህያዋን ሸጠች። «ሕፃን የገደለች» የሚል ስም ወጣላት፤ ልጆቿም በዚያ ስም እየተሰደቡ አደጉ።

እኔ በሥራዬ ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ መዝጊያውን ያለ ጎርፍ ከፍቼ አላውቅም፤ ዝቃጩን በባልዲ አወጣሁ። ሙሴ አገሩ ሲገባ ጎበዝ ሠራተኛ ነህ ብሎ ጃኬቱን ሰጠኝ። ወስጄ ለበስኩት።

ሐዋን ከዓመታት በኋላ ቀፊራ ገበያ አየኋት፤ የእህል ነጋዴዎች ፊት ተቀምጣ ማሽላ ታበጥራለች። ቀና ብላ አየችኝና እጇ ቆመ። የምትናገር መሰለኝ። በበርበሬ ተራ በኩል ዞሬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቀፊራ ስሄድ በዚያ በኩል አላልፍም፤ መሞቷን እስክሰማ ድረስ አላለፍኩም።

ድሃ ነበርኩ፣ ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው እንዳልል፣ እሷ ከእኔ የባሰች ድሃ ነበረች። ለልብስ ሰፊውም የምለው የለኝም።

የልጅ ልጆቿ ሳቢያን ሰፈር ይኖራሉ ይባላል። ይህ ቢደርሳችሁ፣ አያታችሁ የማንንም ልጅ አልገደለችም። ያቺን ልጅ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ጭቃውን ለቅቄ፣ አሸዋ አልብሼ። ይቅር በሉኝ ብዬ አላስቸግራችሁም። ይቅርታው የሷ ነበር፤ ልትሰጠኝም ይሁን ልትነሣኝ ቀና ስትል፣ ጥዬ የሄድኩት እኔ ነኝ።