ዐሥራ ሁለት ሱቅ

የጸጥታ ሰዎች የወሰዱኝ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ ከቤቴ ደጃፍ ነው። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ነበር። የከተቱኝ ክፍል ውስጥ ሰው አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ በጥፍር የተጫረ የአረብኛ ስም ብቻ አየሁ። ዳቦዬን ቆጥቤ ሁለት ቀን በላሁት። ሲያልቅ ጮክ ብዬ ከራሴ ጋር በአማርኛ ማውራት ጀመርኩ። ብቸኝነቱ ከረሃቡ ይከፋ ነበር።

ሥራዬ ትርጉም ነው። በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር፣ መተማና ገላባት ላይ የሁለቱ አገር ነጋዴዎች የሚገበያዩበት አንድ የጋራ ገበያ ሊሠራ ታቅዶ፣ የአማርኛውን ጥናት ወደ አረብኛ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። በሱዳን በኩል ዕቅዱን የያዘው መሐንዲስ ሦስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። እኔን አምኖ ሳያነብ ይፈርም ነበር።

በአምስተኛው ቀን መርማሪው አስጠርቶኝ የተረጎምኩትን ወረቀት ገፋልኝ።

«ያ ሐበሺ፣ አንድ ገበያ ነው ብላችሁ ነበር። እዚህ ግን በእኛ መሬት ላይ ዐሥራ ሁለት ገበያ ይላል። ለማን ነው?»

አነበብኩት። ጉዴ ፈላ! አማርኛው «በሱዳን በኩል ዐሥራ ሁለት ሱቅ» ነው የሚለው፤ ከገበያው ዳር የሚሠሩ ትንንሽ ሱቆች። እኔ ግን ቃሉን እንዳለ «ሱግ» ብዬ አሳልፌዋለሁ፤ ለእነሱ ሱግ ማለት ገበያ ነው። «ዱካን» ማለት ነበረብኝ። ሃያ ዓመት ካርቱም ኖሬ! ከሥሩ የመሐንዲሱ ፊርማ አለ።

«መሐንዲሱ ነው እንዲህ ብለህ ጻፍ ያለኝ በል። ያላ፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» አለኝ።

«እሱስ?»

«እሱን ለእኛ ተወው።»

ቤቴን ፈልጌ ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ፈልጌ ነበር።

እስክሪብቶ ጠየቅሁና በአረብኛ ጻፍኩ፦ «ሱቅ በአማርኛ ዱካን ማለት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ መሐንዲሱ አያውቅም።» ፈርሜ ሰጠሁት።

«እንግዲያው ትቆያለህ» አለኝ።

«ልቆይ።»

ሰባት ወር ብቻዬን ቆየሁና በገላባት በኩል አባረሩኝ። መሐንዲሱን አንድ ቀን ጠይቀው ለቀውታል፤ ከሥራው ግን ተነሥቷል። አሁን እኔ መተማ ነኝ። እሱ የሱዳኑን ጦርነት ሸሽቶ ካይሮ ገብቷል አሉ። ባለፈው ቁጥሩን አግኝቼ ደወልኩለት። ድምፄን እንደ ሰማ ዘጋው። ለካ ስሙን ለመርማሪዎቹ የሰጠሁት እኔ መስዬው ኖሯል። አልፈርድበትም፤ ፊርማውን ሲያሳዩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ የጻፍኩትን ያን ወረቀት ማን ያሳየዋል? ያነበበው መርማሪው ብቻ ነው።