ወደ አሰብ፣ ለመዝናናት

ባለፈው ሰሞን የአሮጌዋ መኪናዬ ጎማ ተንፍሶብኝ ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለ ጎሚስታ ደጅ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ሠራተኛው ከመነዳሪውን ከጎማው ውስጥ መዝዞ አወጣና በአየር ነፍቶ፣ ውሃ በሞላ ግማሽ በርሜል ውስጥ እየደፈቀ ቀዳዳውን ይፈልግ ጀመር። የራሰ ጎማ ሽታ ለማንም ደስ አይልም፤ እኔ ግን ሳይታወቀኝ ወንበሬን እየጎተትኩ ወደ በርሜሉ ተጠግቼ ኖሮ ሰውየው ቀና ብሎ «እትዬ፣ ልብስዎ ላይ ይረጭብዎታል» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ለእኔ ያ ሽታ የባሕር ሽታ ነው። ባሕር ግን አይቼ አላውቅም።

እናቴ አማረች መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ በእጅ በምትዞር የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ የሰው ልብስ ስትሰፋ ትውላለች፤ እሑድ ሲሆን ግን ከጸሎት ቤታችን መዘምራን መካከል ድምፅዋ ተለይቶ ይሰማ ነበር። በደርግ ዘመን፣ እኔ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ የጸሎት ቤቱ በር ታሸገ። ከዚያ ወዲያ እሑድ ጠዋት እግሯ መሄጃ አጣ። ተነሥታ ትለባብሳለች፣ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ እስከ አጥሩ በር ትሄድና ትመለሳለች፤ በመጨረሻም አልጋውን ከዚህ ግድግዳ ወደዚያ ግድግዳ ታዞረዋለች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ የነበረው አባቴ ማርቆስ ከፈረቃው ደክሞ ሲገባ አልጋውን ትቶት በሄደበት የማያገኝበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሳለ የስፌት መኪናዋ ላይ ሊጋደም ሞከረ እየተባለ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅበት ነበር።

የባሕሩን ወሬ ያመጡብን ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ወንድሞቻቸው ገበያ ውስጥ ሱቅ ከፍተው ሲነግዱ እሳቸው በከባድ መኪና የአሰብን መስመር ይመላለሱ ነበር። በተመለሱ ቁጥር ከእኛ ደጅ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ከወደቡ ማዶ ስላሉት ደሴቶች ያወሩናል፤ አሸዋው እንደ ፉርኖ ዱቄት የነጣ፣ ውሃው እስከ ደረት ቢገቡበትም የእግርን ጥፍር የሚያሳይ፣ ጨዋማ ስለሆነም መዋኘት የማይችለውን ሳይቀር አቅፎ የሚያንሳፍፍ፣ ዓሣው በጀርባው ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በምድጃው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጠበስ ነው ይሉናል። እናቴ ታዲያ ይህን ስትሰማ የያዘችውን መርፌ ትረሳዋለች።

አንድ እሑድ አልጋውን ከቤቱ መካከል አድርሳ ድንገት ተወችውና ጫፉ ላይ ቁጭ አለች።

«እንሂድ» አለች።

«የት?» አለ አባቴ።

«አሰብ። ደሴቱ ላይ። ልጆቹን ይዘን።»

«ምን ልናደርግ?»

«ምንም ላናደርግ።»

አባቴ በኑሮው ምንም ላለማድረግ ብሎ ተጉዞ የማያውቅ ሰው ነበር። ግን ሣቀ። እሱ ከሣቀ ነገሩ እንዳለቀ እኔና ታናሽ ወንድሜ እናውቅ ነበርና ግቢውን በሩጫ ዞርነው። ጋሽ ሸምሱ «በክረምት አይሞከርም፤ ያኔ አሰብ ላይ ሰይጣንም ቢሆን ደጋ ይወጣል» ስላሉ፣ ጉዞው ለግማሽ ዓመቱ የትምህርት እረፍት ተቆረጠ። አባቴ የዓመት ፈቃዱን ሊወስድ፣ እኛም በእሳቸው መኪና ጋቢና ተጣበን ልንሄድ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የተረጋጋ ሰው አልነበረም። እናቴ ከአሮጌ መጋረጃ የዋና ልብስ ሰፋችልን፤ ለራሷም ጉልበቷን የሚሸፍን፣ እጅጌው እስከ ክርን የሚደርስ፣ ለዋናም ለለቅሶም ሊለበስ የሚችል የመሰለ ነገር ሰፋች። ጋሽ ሸምሱ ከሰጡን ትልቅ የመኪና ከመነዳሪ ጋር እሑድ እሑድ፣ ዓሣ አጥማጆች ከሚያርፉበት ከአሞራ ገደል ትንሽ ራቅ ብለን፣ ወደ ከተማችን ሐይቅ እንወርዳለን። ፀሐይ ላይ የዋለው ጎማ ጉንጫችንን እያቃጠለን፣ ሽታው አፋችን ውስጥ እየገባ፣ በእሱ ላይ ተንጠልጥለን መንፈራገጥ ለመድን። አባቴ ውሃው ውስጥ አንድም ቀን አልገባም። ሥራው ጉማሬ መጠበቅ ነበር፤ ጃንጥላ ዘርግቶ ቄጠማው ዳር ይቆምና ቅጠል በተነቃነቀ ቁጥር «ውጡ» ይላል። እኛ በጩኸት ስንወጣ ከቄጠማው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ዳክዬ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ሥራ ሲፈታ ጀልባውን እየተወልን መቅዘፍ ተማርን።

ዓሣውንም ሞክረነዋል። እናቴ እንደተባለው በጀርባው ሰንጥቃ፣ በርበሬ ቀብታ፣ አባቴ በጓሮ በሠራው የጭቃ ምድጃ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ ዓሣው ትንሽ አሰበና ተላጦ እሳቱ ውስጥ ወደቀ። «ደሴቱም ላይ እንዲህ ከሆነ ቆሎ እንያዝ» አለ አባቴ። እናቴ ግን አመዱን አራግፋ በላችው፤ እንደሚጣፍጥም ማለች። የካቲት እየቀረበ ሲመጣ መተኛት አቃታት። ሻንጣውን ታሰናዳለች፣ ትፈታዋለች፣ እንደገና ታሰናዳለች፤ ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሴቶችን ሳይቀር «ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?» እያለች ትጠይቅ ነበር።

በዚያ ጊዜ ራቅ ያለ አገር ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። እናቴ የመዘምራን ቀሚሷን ለብሳ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። ሊቀመንበሩ ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉር፣ ክፉ የማይመስል ወጣት ሰው ነበር።

«አሰብ ዘመድ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ሥራ ነው? ሕክምና?»

«አይደለም። ለመዝናናት ነው።»

ብዕሩ ቆመ። ለዚህ ቃል ቦታ ያጣለት ይመስል ወረቀቱን አገላበጠ። «ውሃ ከሆነ ያማረዎት» አለ፣ በአገጩ ወደ ሐይቁ እያመለከተ፣ «ይሄኛው ምን አደረገዎት?»

«ይሄኛውንማ ጨረስነው» አለች እናቴ ፈገግ ብላ።

«መዋኘት ይችላሉ?»

«ልጆቼ ሳይቀሩ።»

«ጀልባስ?»

«መቅዘፍም ለምደናል።»

እንዲህ ስትል አንገቷ ቀና ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሰውየው ስንጥሩን ከአፉ አወጣና የተናገረችውን ሁሉ ቀስ ብሎ ጻፈ። «ነገ እናሳውቅዎታለን» አለ። ስንመለስ እናቴ እጄን ይዛ መዝሙር እያንጎራጎረች ነበር፤ በሩ ከታሸገ ወዲህ ስታንጎራጉር ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ አባቴ ለምሳ አልመጣም፤ ከፋብሪካው በር ላይ የቀበሌው ታጣቂዎች ወስደው አስረውት ነበር። ከአሰብ ዳርቻ በጀልባ እየተደበቁ ወደ ጅቡቲና ወደ የመን የሚኮበልሉ ሰዎች እንደነበሩ እኔ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ እናቴ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም፣ ካወቀችም ከእኛ ነገር ጋር አያይዛው አታውቅም። አባቴን ጀልባውን ማን እንዳዘጋጀለት ጠየቁት። እሱም «ሚስቴ አሸዋ ላይ መቀመጥ አምሯት ነው» አለ። መጀመሪያ ሣቁበት፣ ቀጥለው ደበደቡት፤ ሌላ መልስ ግን አልነበረውም። እናቴ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዛ እየሄደች የእስር ቤቱ አጥር ሥር ቆማ ትመለሳለች። ጋሽ ሸምሱ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ፤ አልገቡም።

«ምላሴን በቆረጠው» አሉ።

«እርስዎ ምን አደረጉ፣ ጋሼ? የጠየቅሁት እኔ ነኝ» አለች።

ብዙ ሳይቆይ መስመራቸው ተቀየረ፤ ሻይ ሊጠጡ መምጣቱንም ተዉት።

አባቴ የበልግ ዝናብ ሲጀምር ተለቀቀ። ከስቶ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ገባ፤ እናቴን አንድም ቃል አልወቀሳትም። ውሃ ጠጣ፣ ሽሮው ጨው አንሶታል አለ፣ ከዚያም ሊጋደም ተነሥቶ ዞር ዞር አለ። አልጋው እሱ ትቶት በሄደበት ግድግዳ ሥር ነበር። ከዚያን ቀን በኋላም ከቦታው ተንቀሳቅሶ አያውቅም። የዋና ልብሶቹን ፈትታ የትራስ ልብስ አደረገቻቸው፤ ስለ ባሕሩም በቤታችን ዳግመኛ አልተነሣም።

ዓመታት አለፉ። መንግሥቱ ወደቀ፣ የጸሎት ቤቱ በር ተከፈተ፣ እናቴም ወደ መዘምራኑ ተመለሰች፤ ግን ከኋላው ረድፍ ቆማ፣ ድምፅዋን ከሌሎች ድምፅ ሥር አድርጋ ነበር የምትዘምረው። አሰብ ደግሞ የሌላ አገር ሆነ። አባቴ ጡረታ በወጣበት ዓመት፣ ማንንም ሳያማክር፣ ሁላችንንም በአውቶቡስ አሳፍሮ ላንጋኖ ወሰደን። ወሩ የካቲት ነበር። አሸዋ አለው፤ ውሃው ግን እንደ ሻይ በወተት የደፈረሰ ነው። አባቴ ሱሪውን አውልቆ በቁምጣ ቀረ፣ እያነከሰ ገባ፣ ውሃው ደረቱ ሲደርስም ተጋድሞ ዋኘ። ለካስ ይችል ኖሯል፤ መቼና የት እንደተማረ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ራቅ ብሎ ዞረና እጁን አነሣ።

«አማረች፣ ነይ» አለ።

እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ነበር። የሚዋኝ ሰው በሚያይ ሰው ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ድንጋጤ አይቼ አላውቅም። ግራ ቀኟን ገላምጣ ወደ እኔ ጠጋ አለችና በጆሮዬ፣ «ንገሪው ይውጣ፣ ሰው ያያል» አለችኝ።

ዳርቻው ላይ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም።