በእትዬ በላይነሽ ደጅ ያወረድኩት ግጥም

ዘንድሮ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው የልጅ ልጄ ሶስና መስታወት ፊት ቆማ የአሸንድዬ ጭፈራ ትለማመድ ነበር። ከጓደኞቿ ጋር ሆቴል በር ላይ ለእንግዶች ሊጨፍሩ ነው አሉ፤ የዘመኑ ነገር። እኔ ምስር እየለቀምኩ አያታለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ድንገት እንዲህ ብላ እስክታወርድ ድረስ፦

«የዚች ቤት እመቤት በር ዘግታ ታድራለች፣
ለዶሮዋ እንኳ ጥሬ ትቆጥራለች።»

እጄ ምስሩ ውስጥ ቀረ። ግጥሙ የኔ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ላሊበላ፣ አንዲት እናት ደጅ ላይ ያወረድኩት ነው።

ያኔ ሆቴል በር ላይ መጨፈር ምናምን የለም። ነሐሴ አሥራ ስድስት ጾሙ ሲፈታ ልጃገረዶች ከምንጭ ዳር ያጨድነውን ረጅም ሣር ወገባችን ላይ አስረን፣ ሹሩባችንን ቅቤ አጠጥተን ቤት ለቤት እንዞራለን። ዳቦም ይሁን እንቁላል ቤት ያፈራውን ይሰጡናል፤ በመጨረሻው ቀን አብረን አብስለን እንበላለን። የሰጠ ይወደሳል፣ በር የዘጋ ይሰደባል። ስድቡ ጨዋታ ስለሆነ ማንም አይቀየምም። የተሰጠንን መመለስ ግን ነውር ነበር።

አውራጇ እኔ ነበርኩ። አቤት ምላሴ! ከበሮ የምትመታው ጓደኛዬ ሙሉነሽ ነበረች፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር የምንማረው። የዚያን ቀን ጠዋት ሣሩን ወገቧ ላይ ሳስርላት ጆሮዬ ስር ገብታ፣

«አደራሽን እቴ፣ እኛ ቤት አንሂድ። እማዬ የምትሰጠው የላትም፣ ታፍራለች» አለችኝ።

«ኧረ በማርያም፣ ምን ነክቶሽ ነው? አንሄድም አልኩሽ» አልኳት። የዚያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

ረፋድ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ፣ በጭቃው እየተንሸራተትን ወጣን። ያን ቀን እንደኛው ቤት ለቤት የሚዞሩት የላይ ሰፈር ልጆች ይበልጡን ነበር። አውራጅ ልጃቸው ግጥም በወረወረች ቁጥር ሰዉ ይስቃል፣ እልልታው ለእነሱ ነው። እኔ በቅናት ተቃጥያለሁ። እነ ሙሉነሽ ደጅ ስንደርስ በሩ ተዘግቷል፣ ጭስ ግን በሣር ክዳኑ በኩል ይወጣል። አንዷ ልጅ፣

«ይሄን ቤት ለላይ ሰፈሮች ልንተውላቸው ነው እንዴ?» አለች።

ሙሉነሽ አየችኝ። ዓይኗ ይለምናል። መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ደግሞ አፌን ይጠብቃል። ግጥሙም ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ረሳሁት ብል ውሸት ነው፤ አደራዋን እያስታወስኩ ነው ያወረድኩት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እልል ተባለልኝ። ደስታዬ! ደግሜ አወረድኩት።

በሦስተኛው ከበሮው ዝም አለ፣ በሩም ተከፈተ። እትዬ በላይነሽ፣ የሙሉነሽ እናት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። በብብታቸው አንዲት ቀይ ዶሮ ይዘዋል። ያችን ዶሮ አውቃታለሁ፤ የሙሉነሽ ደብተርና እርሳስ የሚገዛው በእሷ እንቁላል ነበር። ሌላ እንስሳ ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

«እንኳን አደረሳችሁ ልጆቼ» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። «እኔ ጥሬ ከምቆጥርባት እናንተ ብሏት።»

ዶሮዋን እጄ ላይ አስቀመጡ። ትሞቅ ነበር። እመልሳለሁ ብል ነውር ነው፤ ደረቴ ላይ አቅፌ ያዝኳት። ሙሉነሽ ከበሮውን መሬት አስቀመጠች፣ ሣሩን ከወገቧ ፈታች፣ እናቷን ተከትላ ገባች። በሩ ተዘጋ። እኛ «ክበሩልን» ብለን ዘፍነን ሄድን።

በመጨረሻው ቀን ዶሮዋ ተሠራች። በላሁ፤ ጣፍጦኝም ነበር። ይሄን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሙሉነሽ አልመጣችም። ኮን የምትባል ከተማ፣ አጎቷ ዘንድ ሄዳለች ተባለ። ያስቀራት የዶሮዋ ነገር ብቻ ነው አልልም፤ ቤታቸው ከዚያም በፊት ተጎድቷል። ግን ወንበሩ ላይ ለብቻዬ ስቀመጥ የኔም እጅ እንዳለበት አውቄዋለሁ። ቤታቸው ከኛ ሩቅ አልነበረም። እትዬ በላይነሽ ያረፉት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሄጄ «ይቅር ይበሉኝ» አላልኩም። መንገድ ላይ ሳያቸው በሌላ በኩል እታጠፍ ነበር። እኔ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ፣ በሰው ልጅ አታሹፉ እያልኩ ስንቱን ልጅ ተቆጣሁ!

ሶስና ከመስታወቱ ዞር አለች።

«እማማ፣ ይሄን ግጥም ሁሉም ነው የሚያወርደው። የድሮ ነው አሉ። ስለማን ነው?»

ልነግራት ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቻለሁ። እሷ አውራጅ እንደነበርኩ ታውቃለች፤ ፈገግ ብላ፣ በአያቷ ልትኮራ ተዘጋጅታ ትጠብቀኛለች።

«ስለማንም አይደለም ልጄ» አልኳት።

እሺ ብላ ወደ ጭፈራዋ ተመለሰች። እኔም ወደ ምስሬ። የእትዬ በላይነሽ ነገር በመጣብኝ ቁጥር ልጅ ነበርኩ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው።