አስፍተው የለቀለቁት አውድማ

ሰቆጣ ላይ ይዘው የገፈተሩኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ወለሉ ልም አፈር ነው፤ በረገጥኩት ቁጥር አቧራው ይቦናል። ሳሌ ተነሳብኝ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ "ወደ ግድግዳው ጠጋ በል ልጄ፣ እዚህ ይሻላል" አሉኝ። ቀና ስል አወቅኳቸው። የታሰሩት እኔ በደወልኩት ስልክ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ጽጽቃ አጠገብ የውጭ አገር ሐኪሞች ቆስለው መውጫ አጡ። አገራቸው ነፍስ አድን ቡድን ላከች፤ ሄሊኮፕተሩን ደግሞ የእሷ ወዳጅ የሆነ የሌላ አገር ጦር አዋሰ። ሁለቱን በስልክ የማገናኘው እኔ ነበርኩ። አብራሪው ሊያርፍ ሲል አቧራው ዓይኑን ጋረደውና ተመለሰ። ቢቸግረኝ ጽጽቃ ለማውቃቸው ለእኒሁ ቄስ ደወልኩ። እሳቸውም የደብሩን ሰው አስተባብረው፣ ጤፍ ሊወቁ ይመስል፣ አውድማቸውን አስፍተው በእበት ለቀለቁት። በማግስቱ ሄሊኮፕተሩ አቧራ ሳያስነሳ አረፈ። ቁስለኞቹ ወጡ፤ እኛ ገባን።

ለባዕድ ጦር ማረፊያ አዘጋጅታችኋል ተባልን። መርማሪው ለቄሱ አንድ መንገድ ከፈተላቸው፤ እኔ አታልዬ እንዳሠራኋቸው ከተናገሩ በዚያው ዕለት ቤታቸው ይገባሉ። ባለቤታቸው ታመው ተኝተዋል። እኔም ስለ ባለቤታቸው ብለው እንዲናገሩ፣ ለእኔ እንዳይጨነቁ ለመንኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ።

ቄሱ ለምርመራ ወደ ጎረቤቱ ክፍል ሲጠሩ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

"ማን አዘዘዎት?" አላቸው መርማሪው።

"ማንም። የቆሰለ ሰው ነበረ፣ ለቀለቅሁ። ነገም ቢመጣ እለቀልቃለሁ።"

ጥምጣማቸውን አስተካክለው ተመለሱ። ከመጠጥ ውሃቸው የተረፈችውን የምተኛበት መሬት ላይ አርከፈከፉና አፈሩን በመዳፋቸው ደለደሉት።

"ሲደርቅ ሳትስል ትተኛለህ" አሉኝ።

ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።

እሳቸው እስኪፈቱ ባለቤታቸው ሞተው ነበር። ይህን አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

ባለፈው አጨዳ ጽጽቃ ስሄድ ቄሱ አውድማቸውን ሲለቀልቁ ደረስኩ። እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን እበቱ ውስጥ ነከርኩ። ሥራው አላልቅ አለኝ፤ እህሉ ከሚፈልገው በላይ እጅግ አስፍተውታል።

"ይህን ያህል ለምንዎት ነው፣ አባ?" አልኳቸው።

እጃቸውን ሳያቆሙ፣ "የሚያርፍ ቢኖርስ?" አሉኝ።