የሚዋኝ ብረት

ቆቦ ካለው ቤቴ አንዷን ክፍል የተከራየኝ አንድ የፊዚክስ መምህር አለ። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ጎልማሳ ነው። ትንንሽ የብረት መኪና ይሰበስባል። መጫወቻ ስላቸው ይቆጣል፤ «አባ ሙሄ፣ ሞዴል ነው የሚባለው» ይለኛል። እውነተኛውን ለክተው በልኩ አሳንሰው የሚሠሩት ነው አሉ። ባለፈው ሰሞን አንዱን ከካርቶን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አረንጓዴ ነው፣ ባለ ስምንት ጎማ፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ። «የደርግ ጊዜ ብረት ለበስ ነው፤ ያውቁታል?» አለኝ። አዙሬ ኋላውን አየሁ። ክብ ቀዳዳ፣ ሁለት ትንንሽ መዝጊያ ያላት። አለች!

ልጅ ሆኜ በዚያች ቀዳዳ የተነሳ ሦስት ቀን ጾሜያለሁ።

አሥር ወይ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ቀኑን የጻፈልኝ የለም። ማሽላው አሽቶ ወፍ የምንጠብቅበት ወቅት ነው። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ሰይድ አንድ ማማ ላይ ወጥተን ወንጭፍ እናጮሃለን። ስንራብ ጥንቅሽ ሰብረን እንደ ሸንኮራ እንመጠዋለን፤ ጭማቂው አገጫችን ላይ ደርቆ ዝንብ ይሰበስብብናል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከሆርማት ወንዝ በኩል ሞተር ጮኸ። ሆርማት ጎርፍ ካልመጣ ወንዝ አይባልም፣ አሸዋ ነው። ጩኸቱ እዚያው ቆመ፣ አላልፍ አለ። ወታደር ካለበት እንዳንጠጋ አባቶቻችን አስጠንቅቀውናል። ግን የሚጮኸውን ሳያዩ እንዴት ይቀመጧል? ወረድን።

ብረቱ እስከ ሆዱ አሸዋ ውስጥ ገብቷል። ሰይድ ጎማውን ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ሰው በየት በኩል እንደሚገባበት ፈልገን አጣን። የቤንዚንና የጋለ ብረት ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ወታደሮቹ በአካፋ ይቆፍራሉ፣ ሾፌሩ ላቡ በሸሚዙ አልፎ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይጎሰጉሳል። እኔ በኋላ ዞሬ ያቺን ቀዳዳ አየሁ።

«ጋሼ፣ ይቺ ቀዳዳ የምን ናት?»

«የመዋኛዋ ናት» አለኝ ሾፌሩ ቀና ሳይል።

«የምን?»

«ትዋኛለቻ! በዚያ በኩል ውኃ እየተፋች እንደ ዓሣ ትሄዳለች። ወንዛችሁ ውኃ ቢኖረው ይሄኔ ዋኝታ ወጥታ ነበር። በሉ ሂዱ ከዚህ!»

ሌሎቹ ሳቁ። በሱ ይሁን በኛ አልገባኝም።

አባቴን ከሰይድ አባት ጋር ዋርካው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ክልከላውን ጭራሽ ረሳሁት። «አባ፣ ወንዙ ላይ ያለው ብረት ይዋኛል!»

«አሸዋ ያቃተው ብረት ነው ውኃ የሚሻገረው?» አለ አባቴ። ተሳሳቁብኝ።

«ወላሂ ይዋኛል!»

ሳቁ ቀጥ አለ። «ልጄ፣ ወላሂ ብለሃል» አለኝ። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞረ፦ «አንተስ ሰምተሃል?»

ሰይድ እኔን አየ። ቀጥሎ አባቱን አየ፤ አባቱ እጁ የሚከብድ ሰው ነበር። «እኔ እዚያ አልሄድኩም» አለ።

አባቴ ሸህ ሳይጠይቅ ራሱ ፈረደ። ወይ ተሳስቻለሁ እላለሁ፣ ወይ ለሐሰት መሐላዬ ሦስት ቀን እጾማለሁ። ተሳስቻለሁ አላልኩም። በዚያ ሐሩር ማማ ላይ ሆኜ፣ ዙሪያዬን ጥንቅሽ ከቦኝ፣ ሦስት ቀን ጾምኩ። ሰይድ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይመጥ ነበር፤ ድምፁ ግን ይሰማኛል። ብረቱን በኦራል መኪና ጎትተው ወደ ዋጃ ወሰዱት፣ ዳግም አላየሁትም። ስሜ «ሙሄ ይዋኛል» ሆኖ ቀረ፤ ገበያ ስወጣ ሳይቀር ይጠሩኛል።

አባቴ በሐሰት እንደማልኩ አምኖ ሞተ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ መጽሐፍ ገልጬ የማጣራ ሰው አይደለሁም። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የባሰው መጣ፤ ሾፌሩ ቀልዶብኝ ይሆን? በአላህ ስም ቀልድ መስክሬ ይሆን? ይሄ ነገር ሲበላኝ ኖረ።

ለመምህሩ ይህን ሁሉ አወራሁት። «አባ ሙሄ፣ እውነት ነው፣ ይዋኛል» ብሎ በስልኩ ሊያሳየኝ ጀመረ። «ቆይ፣ ብቻዬን አላይም» አልኩት። ሞዴሉን ለመንኩት፣ በፎጣ ጠቅልዬ በሚኒባስ ጎብዬ ሄድኩ፤ ሰይድ አሁን እዚያ ነው የሚኖረው።

ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ጎማውን ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። «በል እንየዋ» አለና ሳፋ ሙሉ ውኃ አስመጣ። ለቀቅነው። እንደ ድንጋይ ቁልቁል ወረደ።

«ሙሄ ይዋኛል!» ብሎ ሰይድ እስኪያስለው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሞዴሉን ከሳፋው አውጥቶ በነጠላው ጫፍ አደረቀው፣ ቀዳዳዋን በጣቱ ነካካት። ሳቁ ጠፋ።

«ሰምቼ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«እንደ ዓሣ ትሄዳለች ሲል። አጠገብህ ነበርኩ እኮ። አባቴ እንዳይገለኝ ብዬ ነው። ያንን ጾም የጾምከው የኔን ነው ሙሄ።»

«ተወው፣ ልጅ ነበርን» አልኩት። አልተወውም። ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ቀን ጾመ፤ ስኳር በሽታ አለብህ ብለው ልጆቹ ቢለምኑትም አልሰማቸው። ለካ ግትሩ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ዛሬ ልጅ ብረት ይዋኛል ወይ ቢል ስልኩ ወዲያው ይነግረዋል፤ ሸጋ ነው፣ ማንም አይጾምበትም። እኔ ግን አንዲት ቀዳዳ ዕድሜ ልኬን ይዣት ዞሬያለሁ፣ ብትቀርብኝ ደግሞ አልወድም።

በሦስተኛው ቀን ጥንቅሽ ይዤ ሄድኩ። መግሪብ ደረሰ፣ በውኃ አፈጠረ፣ አንድ አንድ ቁራጭ ያዝን። ያኔ ጥርስ ነበረኝ፣ አፌ ተከለከለ፤ አሁን ተፈቅዶልኝ ጥርሱ የለም። የሰይድ ሴት ልጅ በሙቀጫ ቀጥቅጣ አለሰለሰችልንና እንደ ሕፃን ጠባነው። ጭማቂው በአገጩ ወረደ።

«ወላሂ እንደ ድሮው ይጣፍጣል» አለ።

«ሰይድ፣ ወላሂ ብለሃል» አልኩት።