ሐሙስ ዕለት የተጠገነው ሰንደል

የነበርነው እነዚህ ነን፦ መምህርቷ፣ በያጁ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሞባይል ጠጋኙና እኔ። የቤቱ ባለቤት እማማ ነገሩ በሆነበት ሰዓት ገበያ ነበሩ። ሌላ ሰው በግቢው ውስጥ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ከሁሉም በላይ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ስለሆነ ነው።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት አየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ፣ አንድ ጫማ ጠጋኝ የጋለ ቢላዋ በተሰነጠቀ የፕላስቲክ ባልዲ ላይ አሳረፈ። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ግን ጣፋጭ የሚሆን ሽታ መጣብኝ። ታክሲው መጥቶ፣ ሞልቶ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ ትምህርቴን አቋርጬ እንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ ነበር። በያጁ አንድ ፋብሪካ ሰው ሲቀጥር በእንግሊዝኛ እንደሚጠይቅ ሰምቶ የሚያስተምረው ፈለገ። መምህርቷ ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቃ ሥራ ያላገኘች የሰፈራችን ልጅ ነበረች። ብቻውን እንዳይከብደው ሦስታችንን ጎትቶ አመጣን። እሷም እጃችንን አየት አደረገችና፣ ሁላችሁም ዕቃ የምታያይዙ ሰዎች ናችሁ፤ ከማያያዝ እንጀምር አለችን።

አንድ ደንብ ነበራት፦ እጅ ሳይሠራው አፍ አይናገረውም። አዲስ ቃል የፈለገ ከቤቱ የተለያየ ነገር ይዞ ይመጣል፣ እናያይዘዋለን፣ ቃሉን የምትነግረን ከዚያ በኋላ ነው። እኔ እግሩ የወለቀ በርጩማ አመጣሁ፤ ኮላ የምንለው ግሉ ሆነ። ቡሎን ቦልት ሆነ። ሞባይል ጠጋኙ ስታኞ የሚለው ሶልደር መሆኑን ሲሰማ፣ እስከ ዛሬ ጣሊያንኛ እየተናገርኩ ኖሬ ማንም አላከበረኝም ብሎ አሳቀን።

ደግሞ አጠቃቀሙን ታጠብቃለች። ሶልደር ሲደረግ ሁለቱ ሽቦዎች ባሉበት ይቀራሉ፤ መሐላቸው የሚቀልጠው ሌላ ነገር ነው። ዌልድ ሲደረግ ግን ብረቶቹ ራሳቸው ይቀልጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ ወሰናቸው የት እንደነበር አይለይም። ታይ የተደረገ ይፈታል። ግሉ የተደረገ ሲላቀቅ የሌላውን ቆዳ ይዞ ይሄዳል። በያጁ ሁሉንም ዌልድ እያለ ያስቸግራት ነበር፤ ልብስ ሰፊው ‘አንተ እኮ ሚስት ብታገባ ቀሚሷንም በኤሌክትሮድ ነው የምትሰፋላት’ አለው።

የምንማርበት ክፍል የእማማ ልጅ ክፍል ነበር። ልጃቸው በባሕር በኩል ወደ ዓረብ አገር ከወጣ ቆይቷል። ክፍሉ እንዳይቀዘቅዝ ብለው ነው በነጻ የሰጡን። አልጋው ተነጥፎ ይጠብቃል፤ እኛ ወለሉ ላይ እንቀመጣለን። የበሩ ደፍ ላይ ሰንደል ጫማው ነበር፤ ቡናማ ፕላስቲክ፣ የግራው ማሰሪያ የተበጠሰ። የሄደ ዕለት ጠዋት ነው እዚያው ደፉ ላይ የተበጠሰበት። ሌላ ጫማ አድርጎ ወጣ። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን በወስፌ ልስፋው ብሎ ሲጠይቅ እማማ እጁን ያዙት። “ተወው ልጄ፤ ሲመለስ ራሱ ይጠግነዋል” አሉ። ከዚያ ወዲህ እየተራመድነው እንገባለን እንጂ ማንም አልነካውም።

አብሮት የተሳፈረ ልጅ ከወዲያ ማዶ ደውሎ ጀልባዋ ተገልብጣ የእማማ ልጅ መስጠሙን የነገረው ለሞባይል ጠጋኙ ነው። ጠጋኙ ለሰፈር ሽማግሌዎች ነገራቸው። እነሱም ቅዳሜ ጠዋት ከሱብሂ ሰላት በኋላ ሊያረዷቸው ወሰኑ፤ የዕድሩ ድንኳንም ተጠቅልሎ ጎረቤት ግቢ ገባ። እኛን እስከዚያ እንዳትቀሩ፣ ብትቀሩ እናትየዋ ትጠረጥራለች አሉን። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት እንደ ወትሯችን መጣን። እማማ ከሰል ላይ ባቄላ ጥደው፣ አደራ እዩልኝ ብለው ገበያ ወጡ።

ክረምት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር አቃተን፤ ቀጥሎ መብራት ጠፋ። ደመናው ከብዶ ስለነበር ክፍሉ በቀን ጨለመ፣ ያ የተነጠፈ አልጋ ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል። መምህርቷ እየጮኸች አንድ ቃል እንደቀራት ነገረችን። ሌላ ነገር ሳይጨመርበት፣ ሳይሰፋ፣ ሳይታሰር፣ ራሱ ቀልጦ ከራሱ ጋር ለሚያያዝ ነገር የሚባል ቃል። ግን የሚያያዝ ዕቃ ያመጣ የለም። ቃሉን ያዘችው።

በመሐል ሌሎቹ እየወጡ ይገቡ ነበር። እሷ የተሰጣ ልብስ ልታስገባ ወጣች። ጠጋኙ ስልክ ሊያነሳ ወጣ። በያጁ ባቄላውን ሊያይ፣ ልብስ ሰፊው ለሽንት። እኔ አልወጣሁም። ታዲያ የሆነ ጊዜ ላይ ያ ሽታ ገባ። የፕላስቲክ ሽታ መሆኑን ሁላችንም አወቅን፤ ፌስታል እሳት ላይ ወድቆ ነው አለ አንዳችን። ሽታው ሲመጣ አምስታችንም ክፍሉ ውስጥ እንደነበርን እምላለሁ። ግን ጨለማ ነበር፤ የቆጠርኩት ትንፋሽ ነው።

ስንወጣ ሰንደሉ ተጠግኗል።

ሁለቱ ጎን ለጎን፣ አፋቸውን ወደ ውጭ አድርገው ተቀምጠዋል። የግራውን አነሳሁት፤ ገና ሞቅ ይላል። የማሰሪያው ሁለት ጫፎች ቀልጠው አንድ ሆነዋል፣ መጋጠሚያው ላይ የአውራ ጣት አሻራ በግልጽ ታትሟል። የከሰሉ ምድጃ ዳር የእማማ ቢላዋ ጫፉ ጠቁሮ ተጋድሟል። ተያየን። እያንዳንዳችን ሌላው ‘እኔ ነኝ’ እስኪል ጠበቅን። በያጁ አውራ ጣቱን አሻራው ላይ አሳረፈ፤ ከሁላችን ወፍራም እጅ ያለው እሱ ነው። በዙሪያው ቦታ ተረፈ።

እማማ የግቢውን በር ከፍተው የገቡት ያኔ ነው። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ። ጫማውን ከእጄ ተቀብለው አሻራውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ እንደ ዓይነ ስውር ቀስ ብለው።

“የቀለጠውን በምራቅ ባራሰው ጣቱ ነው የሚጫነው” አሉ። “ስንቴ ትቃጠላለህ ብየዋለሁ።”

ከዚያ ቀና ብለው አዩን። “መጥቶ ነበር?”

ጣቱን በምራቅ ስለማራሱ ማናችንም አናውቅም ነበር። መምህርቷ “እማማ፣ ከእኛ አንዳችን ነን” አለቻቸው።

“ማንኛችሁ?”

ዝናብ ከጣራው ጠርዝ ይንጠባጠብ ነበር። አንድ ሰው፣ በውሸት እንኳ ቢሆን፣ እኔ ነኝ ቢል ያን ተስፋ እዚያው መግደል ይችል ነበር። እሳቸው ፈገግ አሉ። ባቄላውን አወጡና አቀረቡልን፤ በላን።

ቅዳሜ ጠዋት ከሽማግሌዎቹ ኋላ አግዳሚ ወንበር ተሸክሜ ገባሁ። እማማ ነቅተው፣ ግቢውን ጠርገው፣ ሻይ አፍልተው ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “እህቴ፣ የአላህን ውሳኔ...” ሲል እሳቸው ሰንደሉን አምጥተው ከፊቱ አኖሩት።

“ልጄ ሐሙስ መጥቶ ጫማውን ጠግኖ ሄዷል” አሉ። “እናንተ ምን ልትነግሩኝ ነው የመጣችሁት?”

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ወንበሩ አየሁ። ከዚያ የሻይ ብርጭቆውን አነሳና፣ ጤናሽን ልንጠይቅ ነው አላቸው። ድንኳኑ ሳይተከል ተመለሰ። ዱዓ አልተደረገም፣ ሰደቃ አልወጣም፤ እስከ ዛሬም።

እኛም ከዚያ በኋላ አልተገናኘንም። በያጁ ፋብሪካው ሳይቀጥረው ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፣ መምህርቷ አገባች። የቀረውን ቃል ራሴ ፈልጌ አገኘሁት፤ ፊውዝ ይባላል። ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም።

እማማ አሁን አርጅተዋል። ዓለም ባንክ ሰፈር ዘመዶች አሉኝና ሳልፍ ጎራ እላለሁ። ልጃቸው በሕይወት ይኑር አይኑር አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። የሚጠይቁኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ እጄን ይዘው፣ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው።

“ያን ቀን ሲመጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር? ወይስ በስብሶ ሄደብኝ?”

አላስታውስም። አንዳንዴ ሽታው የመጣው ቆርቆሮው እየጮኸ ሳለ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጸጥ ካለ በኋላ። ደግሞ ስለ ትንሽ ነገር ልዋሻቸው አልችልም።

መምህርቷ፣ ልብሱን ስታስገቢ እጅሽ ርሶ ነበር? ጠጋኙ፣ ስልክ ስታነሳ የደወለልህ ሰው ይሰማህ ነበር? በያጁ፣ ልብስ ሰፊው፣ እናንተስ ከደጅ ስትመለሱ ራሳችሁ ደረቅ ነበር? ማን እንደጠገነው አልጠይቃችሁም። ስለ ዝናቡ ብቻ የምታስታውሱትን ጻፉልኝ፤ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።