ፊውዝ በኪሱ ይዞ የሚዞረው ኣያ ሃብቶም

ዛሬ ጠዋት እዚሁ ፌስቡክ ላይ «ኣያ ሃብቶም አረፈ» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶው አየሁ። አላመንኩም። ፌስቡክ ስንቱን በቁሙ ቀብሯል። ፎቶው ደግሞ የጎልማሳነቱ ነው፣ ጸጉሩ ገና አልሸበተም። ማን ነው የለጠፈው? ለምን የድሮ ፎቶ? እያልኩ ስጠረጥር ቆየሁ።

አስመራ ደወልኩ። መስመሩ እምቢ አለኝ፣ ደጋግሜ ሞከርኩ። በመጨረሻ ልጁ ሰናይት አነሳች። «እወ፣ ንግሆ ዓሪፉ» አለችኝ። አዎ፣ ጠዋት አርፏል።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለማታውቁት፦ ኣያ ሃብቶም በደርግ ጊዜ አስመራ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌትሪክ ክፍል ኃላፊ ነበር። እኔ ከአዲስ አበባ ተመድቤ የሄድኩ መካኒክ ነበርኩ። «ኣያ» የሚሉት እኛ ጋሼ እንደምንለው ነው።

ያኔ እዚያ የማይጠረጠር ሰው አልነበረም። እኔ ከመሀል አገር ስለመጣሁ ጆሮ ጠቢ ነው ይሉኛል። እሱ የአገሩ ልጅ ስለሆነ ከሜዳ፣ ከሸማቂዎቹ ጋር ግንኙነት አለው ይሉታል። መብራት ብልጭ ድርግም ካለ አሻጥር ነው። እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ሻሂ እየጠጣን አጠገባችን ሰው ከተቀመጠ ወሬያችን ወዲያው ወደ ኳስ ይዞራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ።

ኣያ ሃብቶም ግን ከሰው ሁሉ በላይ የሚጠረጥረው ኤሌትሪክን ነበር። ማሽን ሲበላሽ ማጥፊያውን ያጠፋል፣ አያምነውም። የሸክላ ፊውዞቹን ይነቅላል፣ አሁንም አያምንም፣ ገመዱን በመሞከሪያ ይነካካል። ከዚያ ፊውዞቹን ካፖርቱ ኪስ ይከታቸዋል። ማሽኑ ውስጥ የገባው ሰው ራሱ ወጥቶ እጁን እስኪዘረጋለት ድረስ ለማንም አይሰጥም፣ ለሥራ አስኪያጁም ቢሆን። ሲራመድ ኪሱ ስለሚንኳኳ «ቃጭሉ መጣ» እያልን እናሾፍበት ነበር።

አንድ ቀን የጥጥ ማበጠሪያው ተቀረቀረ። የማታውቁት ካላችሁ፣ ትልቅ ከበሮ ነው፣ ዙሪያውን እንደ መርፌ የሾለ ጥርስ አለው። እየዞረ ሰው ከያዘ አይመልስም። ከኋላው ገብቼ በጎኔ ተኛሁና ቀኝ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ የተጠመጠመውን ጥጥ መጎልጎል ጀመርኩ። ኣያ ሃብቶም ፊውዞቹን ነቅሎ ኪሱ ከቷል።

በዚህ መሀል የፋብሪካው ካድሬ አስጠራው። ከበላይ አካል እንግዶች ሊጎበኙን ነው፣ ማሽኑ ለምን ቆመ ብሎ ነው። ያኔ ቢሮ የሚገባ ሁሉ ይፈተሻል። ዘበኛው ኪሱን ሲዳብስ ፊውዞቹን አገኘ። ቀጥሎ የሆነውን በኋላ በሹክሹክታ የነገረችኝ የካድሬው ጸሐፊ ናት።

ካድሬው ፊውዞቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸውና መብራት የሚያጠፋብንን ዛሬ ከነእቃው ያዝነው አለ። ኣያ ሃብቶም ሰው ማሽኑ ውስጥ እንዳለ ተናገረ፣ ልሂድና ላውጣው ብሎም ለመነ። ካድሬው ሊያዘገየን ነው ብሎ ጠረጠረና ከሠራተኞቹ አንዱን አይተህ ና ብሎ ላከ።

ሰውየው ሄዶ ተመለሰ። «ማንም የለም» አለ።

ካድሬው ፊውዞቹ ይመለሱ፣ ማሽኑም ይነሳ ብሎ አዘዘ።

«ሰብ ኣሎ፣ ሰው አለ ውስጡ። እሱ እጁን ካልዘረጋልኝ አልሰጥም» አለ ኣያ ሃብቶም። ፊውዞቹን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አድርጎ ሲሚንቶው ላይ ወረወራቸውና በተረከዙ ፈጫቸው። መለዋወጫ እንደ ወርቅ በሚታይበት ዘመን፣ በካድሬው ዓይን ፊት፣ የመንግሥት ንብረት። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?

ወሰዱት።

እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን እዚያው ተኝቼ ጥጡን እየተራገምኩ ነበር። ስጨርስ ወጥቼ እጄን ልዘረጋለት ፈለግኩት፣ የለም።

ከረጅም ጊዜ በኋላ ተፈትቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከስቶ፣ ካፖርቱ ሰፍቶት ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ነገር በሆዴ ይዤ ስጠብቀው ቆይቻለሁ። ያ «ማንም የለም» ያለው ሰው አጠገቤ መጥቶ ነበር። ከተኛሁበት ጫማውን አይቼዋለሁ። ማነህ ብዬ ተጣርቻለሁ። አልመለሰም፣ ዞሮ ሄደ። የሌሎቹ ማሽኖች ጩኸት ድምፄን ውጦት ይሆናል። ላይሆንም ይችላል።

ለኣያ ሃብቶም ነገርኩት፣ ሰውየውን ላጋልጠው እንደሆነም ነገርኩት። ከሥራ ስንወጣ ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈር በኩል ይዞኝ ሄደ፣ አጠገባችን ማንም የማያልፍበት ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«ኣይፋልን፣ ሓወይ» አለኝ፣ አይሆንም ወንድሜ ማለቱ ነው። «ኤሌትሪክን ጮክ ብለህ ጠርጥር። ሰውን ግን በሆድህ። በዚህ ጊዜ ሰውን በአፍህ ከጠረጠርከው ትገድለዋለህ።»

እንደዚያ ያለኝ በዚያ ሰውዬ ምክንያት የታሰረው ራሱ ነው እንግዲህ። ተናድጄበት ነበር። ግን አልተናገርኩም።

ዛሬ ከፎቶው ሥር አስተያየቶቹን ሳነብ ያ ሰው ጽፏል። «ቅን ሰው ነበር፣ ነፍስ ይማር» ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። አላየኝም ነበር? ወይስ አይቶኝ ነው? ከሥሩ ልጠይቀው ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ስሙን እዚህ አታገኙትም። ጥርጣሬዬን ግን እስከ መቃብሬ ይዤው እሄዳለሁ።

ኣያ ሃብቶም፣ ሰናይት ቀብርህ ዛሬ ከሰዓት ነው ብላኛለች። ጸጸራት ሰፈር ካለው ቤትህ ሳጥንህን ሲያወጡ እኔ የለሁም። ያተረፍክልኝ ክንድ ልጆቼን አቅፏል፣ እናቴን ተሸክሞ ቀብሯል። ዛሬ ያንተን ሳጥን ከፊት መያዝ የእሱ ተራ ነበር። አልደረሰልህም። ደህና ሁን ወንድሜ፣ አፈሩ ይቅለልህ።